«ጣይቱ» የሚለው ስም፦ ትርጉሙ፣ አመጣጡና ዛሬ ያለበት ሁኔታ (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ሁላችንም የምናውቀው፣ ግን ጥቂቶች ብቻ የሚጠሩበት ስም ነው። በታሪክ መጽሐፍ እናውቀዋለን፣ በሆቴል ስምነት እናውቀዋለን። ክፍላችን ውስጥ ወይም ሰፈራችን ውስጥ ጣይቱ የምትባል ልጅ ግን ብዙዎቻችን አልነበረችንም። ልጅ የሚጠብቁ ወላጆች፣ በተለይ ውጭ አገር ያሉት፣ ስለዚህ ስም ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። አቋሜንም ከወዲሁ ልናገር፦ ስሙ ወደ ሰው ቢመለስ ደስ ይለኛል።

ጣይቱ ማለት ምን ማለት ነው?

«ፀሐይዋ» ማለት ነው። «ጣይ» ፀሐይ ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው «ቱ» ደግሞ ልጅቱ፣ ሴቲቱ፣ ላሚቱ ስንል የምንሰማት ናት። የምንናገርላት ሴት መሆኗንና የምናውቃት መሆኗን በአንድ ጊዜ ትናገራለች። ስለዚህ ስሙ ዝም ብሎ «ፀሐይ» አይደለም። ያቺ የምናውቃት፣ ጠዋት ጠዋት የምትወጣዋ ፀሐይ ናት። በአማርኛ ፀሐይ «ወጣች፣ ጠለቀች» ስለምትባል ስሙ ለሴት ልጅ የሚገጥመው በተፈጥሮው ነው።

ፀሐይ የሚለውን አውቃለሁ። «ጣይ» ግን ከየት መጣ?

ከዚያው ከፀሐይ ነው የመጣው። አማርኛ የግዕዙን «ፀ» በአፍ ሲናገረው ብዙ ጊዜ ወደ «ጠ» ይወስደዋል። ፀጉርና ጠጉር፣ ፀበልና ጠበል፣ ፀባይና ጠባይ፣ ፆምና ጦም ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚኖሩት ለዚህ ነው። ፀሐይም ጠሐይ ትሆናለች። መሐል ያለችው «ሐ» ስትዋጥ ጣይ ትቀራለች።

ከተማ ያደገ ሰው «ጣይ» ሲሰማ የድሮ ቃል ይመስለዋል። አይደለም። ገጠር ሄዳችሁ ጆሯችሁን ብትሰጡ ዛሬም ትሰሙታላችሁ። አያቴ በርበሬ በሰፌድ ስታሰጣ «ጣይዋ ሳትዞር ወዲህ አምጡት» ትለን ነበር። ጥላው በግቢው ላይ ሲሄድ ሰፌዱም ከግድግዳው ሥር ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ አጥሩ ይሸሸዋል። «ፀሐይ» ስትል ሰምቻት አላውቅም። ያ ቃል ለእሷ የቅዳሴና የደብተራ ቃል ነበር።

ይህን የምናገረው ለምን መሰላችሁ? ብዙ ሰው ጣይቱን የቤተ መንግሥት ስም አድርጎ ይወስደዋል። ቃሉ ግን የግቢና የማሳ ቃል ነው። ወደ ቤተ መንግሥት የገባው ባለስሟ እቴጌ ጣይቱ ስለገቡ ነው።

«ቱ» አለችበት፤ የኦሮምኛ ስም ነው እንዴ?

ጥያቄው ተገቢ ነው። ጫልቱ፣ ቦንቱ የመሳሰሉ የኦሮምኛ የሴት ስሞች በ«ቱ» ስለሚጨርሱ ጆሮ ያመሳስላቸዋል። ጣይቱ ግን ከሥሩ እስከ መድረሻው አማርኛ ነው። በዚሁ አሠራር የተሠሩ እህቶችም አሉት፦ ዘውዲቱ፣ ማሪቱ፣ ወርቂቱ፣ አለሚቱ። ዘውድ፣ ማር፣ ወርቅ፣ ዓለም ላይ ያቺው መድረሻ ገብታ ነው። ወላጅ የሚወደውን ነገር ስም ይወስድና ልጁን «እሷን ነሽ» ይላታል።

ከ«ፀሐይቱ» ጋርስ አንድ ነው?

በትርጉም በጣም ይቀራረባሉ። ፀሃይቱ ይበልጥ የሚሰማው በትግርኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ነው። ታዋቂዋ ኤርትራዊት ድምፃዊት ፀሃይቱ በራኺ በዚሁ ስም ትታወቅ ነበር። በልጅ ስምነት ግን ሁለት ስሞች ናቸው፤ አንዱን ለሌላው ተክታችሁ ሰነድ ላይ አትጻፉ።

የእቴጌ ጣይቱ የዙፋን ስም ነበር ወይስ የልደት?

የቤት ስማቸው ነው። ያወጡላቸው ቤተሰቦቻቸው ናቸው። አባታቸው የሰሜኑ ባላባት ደጃዝማች ብጡል ኃይለ ማርያም ነበሩ። ልጃቸው እቴጌ ትሆናለች ብለው የመረጡት ስም አልነበረም።

ከምኒልክ ጋር የተጋቡት በ1875 ዓ.ም. የፋሲካ ሰሞን አንኮበር ላይ ነው። ምኒልክ ያኔ የሸዋ ንጉሥ ነበሩ። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ሲነግሡ ጣይቱ ደግሞ ከሁለት ቀን በኋላ እቴጌ ተባሉ። ማዕረጋቸውም «ብርሃን ዘኢትዮጵያ» ሆነ። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ እዩት። ስማቸው ፀሐይ፣ ማዕረጋቸው ብርሃን። ማዕረጉን ያወጣው ሰው ስሙን እያሰበ እንደነበር አልጠራጠርም። ማኅተማቸው ላይም «እቴጌ ጣይቱ ብርሃን ዘኢትዮጵያ» ተብሎ ነው የተቀረጸው። ሁለቱ ተነጣጥለው የሚነበቡ አይመስሉም።

ስለ ሰውዬዋ ባጭሩ ልትነግረኝ ትችላለህ? ልጄ ስትጠይቀኝ መመለስ እፈልጋለሁ።

በዘመኑ ሴቶች ላይ ብዙም ያልተለመደ ትምህርት ነበራቸው። ግዕዝ ያውቁ ነበር፣ በገና ይደረድሩ ነበር፣ ሰንጠረዥ ይጫወቱ ነበር።

ስም በማውጣትም ትልቅ አሻራ አላቸው። ቤተ መንግሥቱ እንጦጦ ተራራ ላይ እያለ ወደ ፍል ውሃ ይወርዱ ነበር። ቦታውን ወደዱት፣ ቤት እንዲሠራላቸው ጠየቁ፣ ስሙንም አዲስ አበባ አሉት። ይህ በ1879 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ሚሊዮኖች በየቀኑ የሚጠሩት የከተማ ስም እሳቸው ያወጡት ነው። ለልጅ ስትነግሩ ከዚህ ብትጀምሩ ይሻላል እላለሁ። ልጆች ጦርነት ከመስማታቸው በፊት ከተማ የሰየመች ሴት ቢያውቁ ጥሩ ነው።

ከዚያ ውጫሌ ይመጣል። ውሉ የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ሲሆን አንቀጽ 17 በአማርኛና በጣሊያንኛ የተለያየ ነገር ይል ነበር። አማርኛው ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ስትጻጻፍ በጣሊያን በኩል ማድረግ ትችላለች ይላል። ጣሊያንኛው ግን ግዴታ ያደርገዋል። ጣይቱ በዚህ ጉዳይ ከጣሊያኑ መልእክተኛ ከአንቶኔሊ ጋር ፊት ለፊት ከተከራከሩት አንዷ ናቸው፤ አቋማቸውም ከሁሉ የጠነከረ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ጦራቸውን ይዘው ዘመቱ። መቀሌ እንዳ ኢየሱስ ላይ የመሸገው የጣሊያን ጦር በጥር 1888 ዓ.ም. እጁን የሰጠው የሚጠጣው ውሃ ስለተያዘበት ነው። ምንጩ እንዲያዝ ሐሳቡን ያመጡት እሳቸው እንደሆኑ ይነገራል። ከዚያ የካቲት 23 ዓድዋ ሆነ።

ኋላ የምኒልክ ሕመም ሲጠና ሥልጣኑ በእጃቸው ገባ፤ በ1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ከመንግሥት ሥራ አገለሏቸው። ምኒልክ ካረፉ በኋላ ወደ እንጦጦ ማርያም ተመለሱ፤ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. እዚያው ዐረፉ። አጽማቸው ዛሬ አዲስ አበባ በሚገኘው በበዓታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ከባለቤታቸው ጋር ነው።

ይህን ያህል የታወቀ ስም ከሆነ ለምን ብርቅ ሆነ?

ብዙ ሰው የሚሰጠው መልስ «ስሙ ትልቅ ስለሆነ ሰው ይፈራዋል» የሚል ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ቴዎድሮስ ትንሽ ስም ነው እንዴ? መንገድ ላይ ቆማችሁ «ቴዲ!» ብላችሁ ብትጣሩ ስንቱ ይዞራል። የንጉሥ ስም መሆኑ ቴዎድሮስን ከሰው አላራቀውም፤ እንዲያውም አበዛው።

የኔ ግምት ሌላ ነው። አንደኛ፣ በ«ኢቱ» የሚጨርሱ ስሞች በሙሉ ከፋሽን ወጥተዋል። ዘውዲቱም፣ አለሚቱም፣ ማሪቱም ዛሬ አዲስ ከተወለደ ሕፃን ጋር አብረው አይሰሙም፤ የእናቶችና የአያቶች ስም ሆነዋል። ጣይቱ ለብቻው አልወደቀም፣ ከነእህቶቹ ነው የሄደው።

ሁለተኛ፣ «ጠ» ላይ ያለን አመለካከት ነው። ትምህርት ቤት «ፀሐይ፣ ፀጉር» ብለን ነው የተማርነው። በ«ጠ» የሚናገር ሰው ገጠሬ ተደርጎ ይታይ ነበር። ስለዚህ ልጃቸውን በፀሐይ ሊሰይሙ የፈለጉ ወላጆች «ፀሐይ» አሏት፤ «ጣይ» የሚለውን ለአያት ተዉት። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። በአፍ የኖረ ቃል ነው፣ ከመጽሐፉ ቃል የሚያንስበት ምክንያት የለም።

ሦስተኛ፣ ዘመኑ የአጫጭርና የለስላሳ ስሞች ዘመን ነው። ሀሴት፣ አሜን፣ ሶሊያና፣ ኖላዊት። ደስ የሚሉ ስሞች ናቸው። ግን ጣይቱም እኮ አጭር ነው። ሦስት ፊደል ብቻ ነው።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እቴጌ ጣይቱ ከምኒልክ ልጅ አልወለዱም። ስሙን እንደ ቤተሰብ ስም እየተቀባበለ የሚያወርድ ዘር በቤተ መንግሥቱ አልኖረም። የቀረው በድርጅት ላይ ነው። ፒያሳ ያለው ሆቴል በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ሲጀምር እቴጌ ሆቴል ይባል ነበር፤ ዛሬ ጣይቱ ሆቴል እንለዋለን። በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ሲነሳበት አገሩ ሁሉ ደነገጠ። አሜሪካ ዋሽንግተን አካባቢ ደግሞ አርቲስት አለምፀሐይ ወዳጆ ያቋቋመችው ጣይቱ የባህልና የትምህርት ማዕከል አለ። ስሙ ሞተ ማለት አይቻልም። ሰው ላይ ነው የሳሳው።

ስንት ጣይቱዎች እንዳሉ የሚያሳይ ቁጥር አለ?

አገር ቤት በየዓመቱ «ዘንድሮ በብዛት የወጡ ስሞች» ተብሎ የሚታተም ዝርዝር አልተለመደም። የልደት ምዝገባ ራሱ በዘመናዊ መልኩ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የተወለድነው አብዛኞቻችን በክርስትና ካርድ፣ በቀበሌ መታወቂያና በትምህርት ቤት መዝገብ ነው ያለነው።

ውጭ አገር ያላችሁ የየአገሩን ዝርዝር ማየት ትችላላችሁ፤ ግን አንድ ነገር እወቁ። የአሜሪካው የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት የሚያወጣው ዝርዝር ውስጥ የሚገባው በአንድ ዓመት ቢያንስ 5 ሕፃናት የተሰየሙበት ስም ነው። እንግሊዝና ዌልስ ላይ ደግሞ ቢያንስ 3። ከዚያ በታች ያለው ለሰዎች ግላዊነት ሲባል ይቀራል። በዚያ ላይ ስሙን አንዱ ወላጅ በ«ዋይ»፣ ሌላው በ«አይ» ይጽፈዋል፤ እያንዳንዱ አጻጻፍ ደግሞ እንደተለየ ስም ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ ዝርዝሩ ላይ ካጣችሁት «ማንም የለም» ብላችሁ አትደምድሙ። «ጥቂት ነን» ማለት ብቻ ነው።

ለሕፃን ልጅ ይከብድ ይሆን? ስሙ ሸክም እንዳይሆንባት ፈራሁ።

ይህን የሚጠይቁ እናቶች ብዙ ናቸው፤ ስጋቱም ይገባኛል። «እንደ ስምሽ ሁኚ» የሚል አክስትና አጎት መቼም አይጠፋም። ስትፈራ «ጣይቱ ትፈራለች እንዴ?» ይሏታል። ስታለቅስም እንደዚያው።

መድኃኒቱ ያለው ቤት ውስጥ ነው። መጀመሪያ ቃሉን ንገሯት። ጠዋት መጋረጃ ስትከፍቱ «ያቺ ናት ጣይ፣ አንቺ ደግሞ ጣይቱ ነሽ» በሏት። የሦስት ዓመት ልጅ ይህን በደንብ ትረዳለች። ታሪኩ ኋላ ይደርሳል። መጀመሪያ ዓድዋን ተሸክማ ካደገች ስሙ ፈተና ይሆንባታል። መጀመሪያ ፀሐይን ካወቀች ግን የራሷ ይሆናል፤ እቴጌዋም ሞክሼዋ ይሆኑላታል።

የሚያሾፍ ልጅስ? አዲስ አበባ ከሆናችሁ «ሆቴሏ» የሚላት አንድ ሁለት ልጅ አይጠፋም። ይህ ያልፋል። ስሟን የምትወድ ልጅ ቶሎ ትመልስለታለች።

ለወንድ ልጅ ይሆናል?

አይሆንም። መድረሻው ሴት ነው። ለወንድ የፀሐይ ስም ከፈለጋችሁ ጀምበሬ አለላችሁ።

የክርስትና ስም መሆን ይችላል? ሙስሊም ቤተሰብስ ሊያወጣው ይችላል?

ጣይቱ የዓለም ስም ነው። በኦርቶዶክስ ሥርዓት ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ስትጠመቅ የክርስትና ስሟን ካህኑ ለብቻ ይሰጧታል። እቴጌዋ ራሳቸው የክርስትና ስማቸው ወለተ ሚካኤል ነበር፤ ንግሥት ዘውዲቱም የክርስትና ስማቸው አስካለ ማርያም ነው። ስለዚህ ሁለቱን ማምታታት አያስፈልግም፤ አንዱ ለቤተ ክርስቲያን፣ አንዱ ለሰፈር ነው።

ቃሉ ራሱ ሃይማኖት የለውም። ፀሐይ የማንም ናት። ማንኛውም ቤተሰብ ቢያወጣው ደስ ይለኛል።

በአማርኛ ሲጻፍ ትክክለኛው የትኛው ነው?

«ጣይቱ»። ከሁሉ የከፋው ስህተት «ታይቱ» ነው። ስልክ ላይ «ታ» እና «ጣ» ስለሚቀራረቡ ይህ ስህተት በየቦታው አለ፤ የሰርግ መጥሪያ ላይ ሳይቀር አይቼዋለሁ። በ«ታ» ሲጻፍ ፀሐይዋ ትጠፋለች፤ የቀረው ድምፅ ብቻ ነው። የልደት ምስክር ወረቀት ስትቀበሉ መስኮቱን ሳትለቁ ፊደል በፊደል አንብቡት። ቤት ደርሳችሁ ካያችሁት እርማቱ ሌላ ቀጠሮ፣ ሌላ ማመልከቻ ነው።

በእንግሊዝኛ ፊደል እንዴት ልጻፈው?

ሁለት የተለመዱ አጻጻፎች አሉ። አንዱ «ቲ-ኤ-ዋይ-ቲ-ዩ» ነው፤ የታሪክ ጸሐፊዎች በብዛት የሚጠቀሙት ይህንን ነው። ሌላው በ«ዋይ» ፋንታ «አይ» የሚያስገባው ነው፤ ሆቴሉ የሚጻፈው በዚህኛው ነው።

የኔ ምርጫ ለአሜሪካና ለእንግሊዝ ሁለተኛው ነው። ምክንያቱ ተግባራዊ ነው። አሜሪካዊት መምህርት «ዋይ» ያለበትን ስታይ «ቴይቱ» ልትለው ትችላለች፤ ቴይለር የሚለውን ስም ስለለመደችው። በ«አይ» ሲጻፍ ግን ታይዋንን አስታውሳ «ታይ» ብላ ትጀምራለች። ይህም ወደ ትክክለኛው በጣም ይጠጋል። ጀርመን አገር ከሆናችሁ በሁለቱም ይነበባል። ፈረንሳይ አገር ግን መጨረሻው ላይ «ኦ» እና «ዩ» ካልተደረቡ «ቱ» የምትለው ድምፅ ወደ ሌላ ትሄዳለች፤ የድሮ ፈረንሳይኛ ጽሑፎችም እንደዚያ ነበር የሚጽፉት።

ገልፍ አገር ላላችሁ መልካም ዜና አለ። ዓረብኛ «ጣእ» የሚባል ፊደል ስላለው ስሙ ከ«ታ» ተለይቶ ሊጻፍ ይችላል። እስራኤል ላላችሁም እንዲሁ፤ ዕብራይስጡ «ጤት» አለው። መዝሙረ ዳዊት ላይ «ጤት» የሚለውን ርዕስ ያነበበ ያውቀዋል።

የትኛውንም ምረጡ፣ አንዴ ከመረጣችሁ ግን አትቀይሩ። ሆስፒታል ላይ የሞላችሁት ፎርም ወደ ልደት ሰርተፍኬት፣ ከዚያ ወደ ፓስፖርት፣ ከዚያ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳል። አንድ ፊደል ሲለያይ ልጅቷ ካደገች በኋላ «ሁለቱ ሰነድ የአንድ ሰው ነው» ብላ ማስረዳት ይኖርባታል።

ፈረንጆች «ጣ» ማለት ስለማይችሉ ስሙ ይበላሽባታል?

«ታይቱ» ይሉታል፤ ያ ነው ከአፋቸው የሚወጣው። አይክፋችሁ። ጥላሁንም ጌታቸውም ከዚህ ባልተሻለ አጠራር ነው ባሕር ማዶ የኖሩት። ዋናው ልጅቷ ራሷ ስሟን በትክክል መጥራቷ ነው። «ጣ» የምትለዋን ድምፅ ቤት ውስጥ አስለምዷት። ጣት፣ ጣፋጭ፣ ጣና እያላችሁ አጫውቷት፤ በጨዋታ ይገባታል።

ጣሊያን አገርስ ስሙ ችግር አለው?

ይህን ጥያቄ ሮምና ሚላን ያሉ ወገኖች ናቸው የሚያመጡት። ጣሊያኖች ስሙን «ታይቱ» ብለው መጨረሻው ላይ ጫን ብለው ይጠሩታል። ከዓድዋ በፊትና በኋላ እቴጌዋን የጋዜጦቻቸው መቀለጃ አድርገዋቸው ነበር። ከዚያ የቀረ አባባልም አለ። የምትኮራ፣ የምትመጻደቅ ሴት ሲያዩ «ንግሥት ታይቱ ነኝ ብላ ነው እንዴ?» ይላሉ። በተለይ በዕድሜ የገፉት ያውቁታል። ወጣቱ ከማን እንደመጣ እንኳ አያውቀውም። ሚላን ላይ በዚሁ ስም የሚጠራ የገበታ ዕቃ አምራች ድርጅትም አለ።

እኔ ሳስበው፣ ያሸነፏቸውን ሴት ስም ከመቶ ዓመት በላይ ከአፋቸው አለመጣላቸው ብቻውን ብዙ ይናገራል። ልጃችሁ እዚያ ብታድግ አባባሉን ቀድማችሁ ንገሯት። ከትምህርት ቤት ስትሰማው አዲስ አይሆንባትም፤ ከማን እንደመጣም ለጓደኞቿ ትነግራቸዋለች።

ቁልምጫው ምንድነው?

ጣይዬ፣ ጣይቱዬ፣ ቱቱ፣ ቱዬ። ባጭሩ «ጣይ» ማለትም ያምራል።

ከአባት ስም ጋር እንዴት ይሄዳል?

ይህን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም የእኛ አገር ስም ከአባት ስም ጋር ሲገጥም ዓረፍተ ነገር ይሆናል። ወላጆቻችን ይህን አስበው ነበር የሚያወጡት። አባት ብርሃኑ ከሆነ «ጣይቱ ብርሃኑ» ብርሃን በብርሃን ይሆናል። አባት በላይ ከሆነ «ጣይቱ በላይ»፤ ፀሐይዋ ከላይ ናት። አበራም ይሄዳል፣ ደምሴም ይሄዳል፣ ዓለሙም ይሄዳል። ጋረደው ወይም ከበደ ከሆነ ግን ትንሽ አስቡበት። «ጣይቱ ጋረደው» ሲባል ፀሐይዋ የተሸፈነች ይመስላል። ስሙን አትተዉት፤ ዝም ብላችሁ ደጋግማችሁ ጮክ ብላችሁ ጥሩትና ጆሯችሁ ይፍረድ።

ውጭ አገር ደግሞ «የቤተሰብ ስም» የሚባለው ቦታ ላይ የአባትን ነው ወይስ የአያትን የምታስገቡት? ሁለቱንም ከጣይቱ ጋር አስቀምጣችሁ አንብቡ። ልጅቷ ዕድሜ ልኳን የምትጠራው በዚያ ጥንድ ነው።

ስሙን ወድጄዋለሁ፣ ባለቤቴ ግን አልተስማማችም። ቅርብ የሆነ ሌላ ስም አለ?

የፀሐይ ቤተሰብ ሰፊ ነው። ፀሐይ፣ ፀሐይነሽ፣ ፀሐይወርቅ፣ አለምፀሐይ የታወቁት ናቸው። ከብርሃን ወገን ፀዳለና ብርሃኔ አሉ። ከማለዳ ወገን ደግሞ ጎህ፣ ንጋትና ማለዳ፤ እነዚህ ለዘመኑ ጆሮ ይስማማሉ።

«ፀሐይ» ራሱ የራሱ ታሪክ አለው። አገራችን ውስጥ የተሠራችው የመጀመሪያዋ አውሮፕላን በ1928 ዓ.ም. ስትበር በንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ስም «ፀሐይ» ተባለች። በወረራው ጊዜ ጣሊያኖች ወሰዷት፤ የተመለሰችው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው። ባለቤትህን ለማሳመን ከፈለግህ ግን ሌላ ስም ከመፈለግህ በፊት ለአንድ ሳምንት ያህል ሆዷ ውስጥ ያለችውን ልጅ ሁለታችሁም ጣይቱ እያላችሁ ጥሯት። ካልለመደላችሁ ያኔ ወደ ዝርዝሩ ትመለሳላችሁ።